ጋቢ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ

ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፣ ግን እናቴ ክረምቱን ሙሉ ጋቢ ጋቢ ስትለኝ ስለከረመች ቅዳሜ ጠዋት እንደምንም ተነሳሁና ከስድስት ኪሎ ታክሲ ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ይሄም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል እንዴ የምትሉ አትጠፉም፣ ግን ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ሌላ አገር የገባችሁ የሚመስላችሁ እዚያ ነው። ብርዱ ሌላ ነው፣ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይሸታል፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ያዘሉ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የተሰቀለ የሀበሻ ቀሚስ ብቻ ነው።

ሱቆቹን አለፍኳቸው። ስንቱ ጥለት አሁን ፖሊስተር ላይ የታተመ ነው፣ ስትገዙ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት፣ ቀለሙ ደብዝዞ ካገኛችሁት ሸማኔ ያልነካው ነው። እኔ የሄድኩት ጓደኛዬ ወደሚያውቃቸው ሽማግሌ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገብቶ ጭቃ፣ ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ የቆርቆሮ በር። ጋሼ ከጨንቻ የመጡት በልጅነታቸው ነው፣ ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ናቸው።

መሬቱ ተቆፍሮ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ መርገጫውን በባዶ እግር ይረግጣሉ፣ መወርወሪያዋ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እያወሩኝም አይናቸውን ከኔ ላይ ሳያነሱ አንዴ እንኳን አልሳቷትም። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ግን ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ነው፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ሳሳ ይላል። "እሱ ነው የሚሞቀው" አሉኝ። የሚወጣው ሸማ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን ይሰፋል፣ ከዚያ ይደረባል፣ ጋቢ ማለት አራት ድርብ ነው። ቡልኮ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል፣ አሁን የሚያዘው ሰው አነስተኛ ነው አሉ።

ግድግዳው ላይ ሰርተፍኬት አየሁ። አንድ መስሪያ ቤት የእጅ ሙያተኞችን ሰብስቦ እውቅና ሰጥቶ ነበር፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ ለስላሳ። ጥሩ ነው አይደል? ጋሼ ግን መወርወሪያዋን አስቀመጡና "አንብበው እስቲ" አሉኝ። "የዕደ ጥበብ ባለሙያ" ይላል። "ሸማኔ የሚል አየህበት?" የለም። "ሲሰድቡን ሸማኔ፣ ሲሸልሙን ሌላ ስም" አሉና ወደ ስራቸው ተመለሱ።

ይሄ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቤት ሽቅብ ብታዩ እንጦጦ ነው፣ የምኒልክ የድሮ ግቢ ያለበት። ምኒልክ እኮ በ1900 ዓ.ም ሸማ የሚሰራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን በሙያው እየጠራችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። እንግዲህ ያኔ መንግስት ስድቡን ከለከለ፣ ዛሬ ደግሞ ስድቡን ፈርቶ ስሙን ራሱን ደበቀው። ሸማኔ የሚለው ቃል ምን አጠፋ? ለኔ እውቅና ማለት ቃሉን በትልቁ ጽፎ መስጠት ነው። (የመስሪያ ቦታውና የብርሃኑ ችግር እንዳለ ሆኖ፣ ጋሼ የሚሰሩት በአንዲት ትንሽ መስኮት ብርሃን ነው፣ መብራት ሲጠፋማ አትጠይቁ።)

እኔም ያነበብኩትን ላካፍላቸው ብዬ ስለ አሜሪካኖቹ ነገርኳቸው፣ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የሚባል ቦታ ያሉ ጥቁር ሴቶች አሮጌ ልብስ እየቀደዱና እየቀጣጠሉ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፣ በፈረንጆቹ 2006 የአገሪቱ ፖስታ ስራቸውን ቴምብር ላይ አወጣው፣ በ2015 ደግሞ ሶስቱ ከመንግስት ትልቁን የባህል ጥበብ ሽልማት አገኙ። ጋሼ በጥሞና ሰሙኝና "ቴምብር? እኛ እኮ ከፍለን ነው የምናስለጥፈው" ብለው ሳቁ፣ ልጃቸውም ሳቀ፣ እኔም።

ጋቢው ግን አልተገኘም። ያለው ሁሉ የሰው ትዕዛዝ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ለመስቀል ጨንቻ ይገባሉ፣ የጋሞ ሸማኔ መስቀልን አዲስ አበባ አይውልም። "ከመስቀል በኋላ ና ልጄ፣ ለእናትህ ወፈር ያለ እሰራለሁ" አሉኝ። ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ ስልካቸውንም "ሸማኔ ጋሼ" ብዬ ሴቭ አደረግኩት፣ ልጃቸው ስክሪኑን አየና ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ጋሼ ዝም ብለው መወርወሪያዋን አንስተው ወረወሯት።

ስወርድ ታክሲ የለም፣ እናቴ ደግሞ ደውላ "አገኘህ?" ትላለች። በጭቃ ጫማ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ።