አማካዩ ሰረዝ ነው፦ ክሪኬትን ከስቱዋርት ሎው መዝገብ ስማር

ሜልበርን በገባሁበት በመጀመሪያው በጋ፣ በምሠራበት መጋዘን የምሳ ክፍል ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ነጭ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው ከማየት በቀር ሌላ ነገር የማያሳይ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ጨዋታ እስከ አምስት ቀን እንደሚወስድ ሲነገረኝም እንደ ቀልድ ቆጠርኩት። ትምህርቱን በቁም ነገር የያዝኩት ዘንድሮ ነው፤ አብራችሁኝ ለምትማሩ ወገኖች እስካሁን የደረስኩበትን ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ደንቡን ከአንድ እስከ መጨረሻው ማጥናት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ስለተውኩት፣ በዚህኛው ዙር ሌላ ዘዴ መረጥኩ። ይኸውም የአንድን ተጫዋች መዝገብ ወስዶ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለምን እንደዚያ እንደሆነ እስኪገባ ድረስ መጠየቅ ነው። ከአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ የሥራ ባልደረባዬ የአውስትራሊያዊውን መቺ የስቱዋርት ሎውን መዝገብ እንድጀምር መከሩኝ፤ ቴስት በሚባለው፣ በአገሮች መካከል እስከ አምስት ቀን በሚደረገው ጨዋታ ለአገሩ የተሰለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቶሎ የምጨርሰው መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። አራት ወር ፈጀብኝ።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። «ራን»፣ «ዊኬት»፣ «ኢኒንግስ» እና «ኦቨር» የሚሉትን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። ራን ኳስ የሚመታው የሚያስቆጥረው ነው፤ ዊኬት ከኋላው የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ሲሆኑ፣ ሰውየው ተራው ሲያበቃበትም «ዊኬት ወደቀ» ይባላል፤ ኢኒንግስ የአንድ ሰው ወይም የቡድኑ የመምታት ተራ ነው፤ ኦቨር ደግሞ ስድስት ኳስ ነው። መጀመሪያ ላይ ራንን «ነጥብ» እያልኩ እጽፍ ነበር፤ ሆኖም የዊኬቶቹም ቁጥር ከጎኑ ስለሚጻፍ፣ ነጥቡ የቱ እንደሆነ ራሴን ግራ አጋብቼ ተውኩት። ኳሱን በባት የሚመታውን «መቺ»፣ የሚወረውረውን «ወርዋሪ» እላለሁ። መቺው ተራው ሲያበቃበት «ወጣ» ማለት ግን ያለ ምንም ጥረት የመጣልኝ ቃል ነው፤ ሰውየው በእርግጥም ከሜዳው ይወጣልና።

አሁን ወደ መዝገቡ እንሂድ፤ ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሎው በቴስት አንድ ጨዋታ፣ አንድ ኢኒንግስ፣ 54 ራን አለው፤ ከ54ቱ ጎን ትንሽ ኮከብ ተቀምጣለች። አማካይ በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ ቁጥር የለም፤ ያለው ሰረዝ ነው። እኔ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በሙሉ መተማመን «አማካይ 54» ብዬ ጽፌ ነበር፤ 54 ለአንድ ኢኒንግስ ሲካፈል 54 ነው ብዬ። ሰረዙን ሳይም መዝገቡን ያዘጋጀው ሰው የዘለለው መሰለኝ።

የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። የመቺ አማካይ የሚገኘው ያገኛቸው ራኖች በኢኒንግሶቹ ብዛት ሲካፈሉ ሳይሆን፣ በወጣባቸው ጊዜያት ብዛት ሲካፈሉ ነው። ኮከቧ የምትነግረን ሎው ሳይወጣ እንደጨረሰ ነው፤ ስለዚህ 54 ለዜሮ ሊካፈል ነው፣ ይህ ደግሞ በየትኛውም ትምህርት ቤት አይካፈልም። ይህን ካወቅኩ በኋላ በሌሎቹ መዝገቦቹ ላይ ተለማመድኩ። በአንድ ቀን ጨዋታዎች 54 ጊዜ ለአውስትራሊያ ተሰልፎ 1,237 ራን አግኝቷል፤ አማካዩም 26.89 ነው። ወደ ኋላ ሲሰላ 46 ጊዜ ወጥቷል ማለት ነው። (በቴስት 54 ራን፣ በአንድ ቀን ደግሞ 54 ጨዋታ መሆኑ ሁለት ምሽት ሙሉ አምታቶኛል፤ እናንተም ተጠንቀቁ።) በየክፍላተ ሀገሩና በእንግሊዝ አውራጃዎች መካከል በሚደረጉት፣ ቀናት በሚወስዱት የአንደኛ ደረጃ ጨዋታዎች ደግሞ 27,080 ራን፣ 79 መቶዎች (በአንድ ኢኒንግስ መቶ ራን ወይም ከዚያ በላይ ያገኘባቸው) እና 50.52 አማካይ አለው። ይኼኛው ሲካፈል 536 ጊዜ መውጣቱን ይሰጣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ልምምድ አላገኘሁም፤ ሦስቱም መዝገቦች የአንድ ሰው ሆነው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ።

ሁለተኛው ወር ሙሉ በሙሉ ያለቀው በዚያች አንዲት ጨዋታ ላይ ነው። አውስትራሊያ ከስሪላንካ ጋር በፐርዝ፣ ዋካ በሚባለው ሜዳ፣ በታኅሣሥ 1995 የተጋጠመችበት ነው። ስቲቭ ዋ በጉዳት ስላልነበረ በመቺዎቹ መካከል ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ በዚያ ጨዋታ ሁለት አዲስ መቺዎች ተሰለፉ። አንዱ የ27 ዓመቱ ሎው ሲሆን፣ ሌላው 21 ዓመት ሊሞላው ቀናት የቀሩት ሪኪ ፖንቲንግ ነው። ስሪላንካ በመጀመሪያው ኢኒንግስ 251 ላይ አሥሩም ዊኬት ወደቀባት። አውስትራሊያ በአምስት ዊኬት 617 አድርሳ ኢኒንግሷን ዘጋች፤ ማለትም አሥሩ ዊኬት ሳይወድቅ ተራዋን በራሷ ፈቃድ አቆመች። ስሪላንካ በሁለተኛው 330 ላይ አበቃች። ውጤቱ «በአንድ ኢኒንግስና በ36 ራን» ይላል፤ 617 ሲቀነስ 251 ሲቀነስ 330 ይሆናል 36፤ ማለትም አውስትራሊያ ሁለተኛ ተራዋን ሳትነካ አሸንፋለች። ይህን አባባል ለመረዳት ስንት ማብራሪያ አንብቤ ያልገባኝ፣ በወረቀት ላይ ራሴ ስቀንሰው በአንድ ደቂቃ ገባኝ።

የመቺዎቹን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ስታነቡት ነገሩ እንደ ትረካ ይከፈታል። ማይክል ስሌተር 219፣ አምበሉ ማርክ ቴይለር 96፣ ዴቪድ ቡን 13፣ ማርክ ዋ 111፣ ፖንቲንግ 96፣ ሎው ደግሞ 54 ሳይወጣ። የወደቁት አምስት ዊኬቶች ከሎው በፊት የተዘረዘሩት የአምስቱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሎው የገባው አራት ዊኬት ከወደቀ በኋላ፣ ራኑ በገፍ ተከምሮ፣ ወርዋሪዎቹ ደክመው ሳለ ነው፤ ከዚያም ፖንቲንግ ሲወጣ ቴይለር ኢኒንግሱን ዘጋ። ሎው እንዲወጣ ጊዜ አልተሰጠውም ማለት ይቻላል፤ ሰረዙ የመጣው በእሱ ችሎታ ብቻ ሳይሆን በአምበሉ ውሳኔም ጭምር ነው። እኔ «ፈጽሞ ያልተሸነፈ መቺ» ብዬ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይህን ካየሁ በኋላ ሰረዝኩት። በዚያው ልክ ግን፣ በመጀመሪያ ጨዋታው ገብቶ ያልወጣን ሰው ደካማ ነበር ብሎ የሚፈርድ ቢገኝ ማስረጃ የለውም።

የፖንቲንግ 96 ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። የወጣው በእግር ከዊኬት ፊት በሚባለው ደንብ ነው፤ ኳሱ የመቺውን እግር ባይመታ ኖሮ ዊኬቱን ይመታ ነበር ብሎ ዳኛው ሲያምን የሚሰጥ ፍርድ ነው። የወረወረው ቻሚንዳ ቫስ ሲሆን፣ ብዙዎች ኳሱ ከዊኬቱ በላይ ያልፍ ነበር ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዚያን ዘመን መቺው ውሳኔውን በቴሌቪዥን እንዲታይለት መጠየቅ አይችልም ነበር። ይህ ደንብ አሁንም በደንብ አልያዘኝም፤ ኳሱ የት እንዳረፈ፣ እግሩን የት መስመር ላይ እንደመታ ተከትዬ ሳልጨርስ ቀጣዩ ኳስ ይወረወራል።

በሜልበርን በፈረንጆቹ ገና ማግስት በተጀመረው ቀጣዩ ቴስት ስቲቭ ዋ ተመለሰ፤ ሳይወጣም 131 አስመዘገበ። ቡን 110፣ ፖንቲንግ 71 ጨመሩ። ከቡድኑ የወጣው ሎው ነበር። ከሒሳቡ አንጻር ማን ይውጣ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ እኔ ወረቀት ላይ ለማውጣት ሞክሬ መልስ አጥቻለሁ። ቡን በዚያው በጋ መጨረሻ ጡረታ ወጣ፣ ክፍተትም ተፈጠረ፤ ነገር ግን አውስትራሊያ በጥቅምት 1996 ደልሂ ላይ ቀጣዩን ቴስት ስትጫወት በመቺዎቹ መካከል የገባው ማይክል ቤቫን ነው። ፖንቲንግ በ168 ቴስቶች 13,378 ራን አከማችቶ ጨረሰ፤ ያው በአንድ ቀን የጀመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

የቤቫንን ስም በተለይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 14 ቀን 1996፣ ሕንድ ውስጥ ሞሃሊ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ አውስትራሊያ በዌስት ኢንዲስ ፊት በ15 ራን አራት ዊኬት ወድቆባት ነበር። ማርክ ዋ ዜሮ፣ ቴይለር አንድ፣ ፖንቲንግ ዜሮ፣ ስቲቭ ዋ ሦስት። ያንን ፍርስራሽ ያነሱት ሎውና ቤቫን ናቸው፤ ሎው 72፣ ቤቫን 69 ራን አግኝተው ቡድኑ በስምንት ዊኬት 207 ደረሰ። ዌስት ኢንዲስ በሁለት ዊኬት 165 ከደረሰች በኋላ ተንኮታኩታ 202 ላይ አለቀች፣ አውስትራሊያም በአምስት ራን አለፈች። ከሦስት ቀን በኋላ ላሆር ላይ ዋንጫውን ስሪላንካ ወሰደች። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሎው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ትልቁ ቁጥር ሆባርት ላይ ዚምባብዌ ላይ ያስመዘገበው 110 ሳይሆን ይህ 72 ነው። የመዝገቡ ሰንጠረዥ ግን ሲገባ ውጤቱ ስንት ላይ እንደነበረ አይናገርም፤ ይህን ለማወቅ የዚያን ቀን ጨዋታ ዝርዝር መክፈት ያስፈልጋል። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ልማዴ አድርጌዋለሁ፦ ድምሩን ካየሁ በኋላ ዊኬቶቹ ስንት ስንት ላይ እንደወደቁ የሚያሳየውን መስመር አነባለሁ።

የአገር ውስጥ ሥራውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሰፊ ነውና ገና አልጨረስኩትም። ኩዊንስላንድ የአውስትራሊያ ክፍላተ ሀገር በሚወዳደሩበት በሸፊልድ ሺልድ ከ1926–27 ጀምሮ ስትወዳደር ኖራ፣ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳችው በ1994–95 ነው፤ አምበሉ ሎው ሲሆን፣ የቀድሞው የአውስትራሊያ አምበል ታላቁ አለን ቦርደር በእሱ ሥር ተጫውቷል። ባልደረባዬ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በእንግሊዝ ለኤሴክስ፣ ለላንካሸርና ለደርቢሸር ተጫውቷል። በ1997 በሎርድስ በተደረገው የናትዌስት ዋንጫ ፍጻሜ ለኤሴክስ ሳይወጣ 80 አስመዝግቧል፤ ይኸውላችሁ፣ እንደገና ኮከቧ።

ይህ ዕጣ የእሱ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ሦስት ሌሎች መዝገቦች አየሁ። ብራድ ሆጅ በ2005 ፐርዝ ላይ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሳይወጣ 203 አስመዝግቦ፣ ከስድስት ቴስት በላይ አልዘለቀም። ጄሚ ሲደንስ በአገር ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ራን ሰብስቦ ለአውስትራሊያ የተሰለፈው በአንድ የአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ ነው። የኩዊንስላንዱ ማርቲን ላቭ በመጨረሻው ቴስቱ፣ በ2003 ኬርንስ ላይ ባንግላዴሽ ላይ ሳይወጣ መቶ አደረገ። ምክንያቱ በየመዝገቡ ሳይሆን በጎን ያለው የስም ዝርዝር ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን ቦታዎቹ በዋ ወንድማማቾችና በፖንቲንግ፣ ኋላም በሌሎች መሰሎቻቸው ተይዘው ነበር።

አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ የቴስት ውጤት ዝርዝርን ያለ ረዳት አነባለሁ፣ የአማካይ ስሌት አያምታታኝም፣ ኢኒንግስ መዝጋትም ለምን እንደሚያስፈልግ ለሌላ ሰው ማስረዳት እችላለሁ። የወርዋሪዎቹ ዓምዶች ላይ ግን ገና ነኝ። ሎውን በሌላ መልኩም አገኘሁት፤ ሰኔ 2024 ዳላስ አጠገብ የአሜሪካ ቡድን ፓኪስታንን በሱፐር ኦቨር (እኩል ሲወጡ ለእያንዳንዱ ቡድን በሚጨመረው አንድ ኦቨር) ሲያሸንፍ የቡድኑ አሠልጣኝ እሱ ነበር። ደብተሬ ላይ የጀመርኩት ቀጣይ ገጽ የማርቲን ላቭ ነው፦ አምስት ቴስት፣ 233 ራን፣ አማካይ 46.60። ስንት ጊዜ እንደወጣ አውጥታችሁ ላኩልኝ፤ የእኔ መልስ አምስት ነው።