«ቤቲ፣ ቀመስሽው እንዴ?»

ስሜ ቤቲ አይደለም። ማሃራጅ ግን ከመጡበት ቀን ጀምሮ «ቤቲ» ነው የሚሉኝ። ከሌላ ሐበሻ ጋር አምታተውኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ዱባይ ውስጥ ቤቲ የምትባል ሐበሻ መቼም አትጠፋም። ከቀናት በኋላ ነው አብሮን የሚሠራው ኔፓላዊ ልጅ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ያስረዳኝ። «ቤቲ» በሂንዲ ልጄ ማለት ነው፤ ሴት ልጄ። «ማሃራጅ»ም ቢሆን የእሳቸው ስም አልነበረም። ቃሉ ታላቅ ንጉሥ ማለት ነው። በሕንድ ጉጃራትና ራጃስታን አካባቢ ግን ብራህሚን፣ ማለትም ከካህናት ወገን የሆነውን ምግብ አብሳይ እንዲህ ብለው ይጠሩታል። እናም ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዳችንም በስማችን ሳንጠራ አብረን ሠራን።

ነገሩ የሆነው በ2022 ነው፤ በእኛ 2015 ጥቅምት ላይ። ለድግስና ለቢሮ ምግብ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት የኬክ ክፍል ረዳት ነበርኩ። ሼፋችን አንድ የማይታጠፍ ሕግ አለው። «ሳትቀምሺ አታውጪ።» ስለዚህ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ንጹሕ የሻይ ማንኪያዎች አሉ። በአንዱ እቀምሳለሁ፣ ወደ ማጠቢያው እወረውራለሁ፣ ሌላ አወጣለሁ። ሕጉ የማይሠራልኝ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። በጾም ቀን የሚቀምስልኝ ኔፓላዊው ነው። «ስኳር ይጨመር?» እለዋለሁ። አፉ ሞልቶ ስለሚሆን በአውራ ጣቱ ይመልስልኛል።

ዲዋሊ የሚሉት የሂንዱዎች በዓል ሲቃረብ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ደንበኞቹ ከጉጃራት የመጡ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ለቢሮ ጸሎታቸው የሚቀርብ ጣፋጭ፣ ለደንበኞቻቸው የሚታደል በካርቶን የታሸገ ስጦታ፣ ከዚያም ለአዲስ ዓመታቸው ሌላ ዙር። ከትእዛዙ ጋር ሁለት ገጽ ማሳሰቢያ አብሮ መጣ። እንቁላል የለም። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣው ጄላቲን የለም። ዕቃው ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ካጁ ካትሊ የሚባለው የካሹ ጣፋጭ ላይ የምትለጠፈው ስስ የብር ቅጠል እንኳ እንዴት እንደተሠራች ይጣራ። ለካ ድሮ ብሩ የሚሳሳው በከብት አንጀትና ቆዳ መሐል ተደርጎ እየተቀጠቀጠ ነበር። ሕንድ በፈረንጆቹ 2016 ነው ይህን በደንብ የከለከለችው። በመጨረሻም ጣፋጩን የሚሠራ ማሃራጅ ይምጣልን አሉ።

ይህን ሁሉ ሳነብ አልከበደኝም። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት በተለየበት ቤት ነው ያደግኩት። ፊሊፒናዊቷ ጓደኛዬ «ማንኪያውን ካጠብነው ምን ችግር አለው?» ስትል እኔ ነበርኩ የማስረዳት። ራሴን እንደ አዋቂ ቆጠርኩ። ጉዴን ያመጣውም እሱ ነው።

ዲዋሊ የብርሃን በዓል ነው። ካርቲክ በሚባለው ወራቸው፣ ጨረቃ ጨርሳ በምትጠፋበት ሌሊት ይውላል። በዓሉ እንደየአካባቢው ልማድ አምስት ቀን ይዘልቃል። በሰሜን ሕንድ የሚተርኩት አምላክ ስለሚሉት ልዑል ስለ ራማ ነው። ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ ከተማው አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ ኩራዝ አብርቶ ተቀበለው ይላሉ። ለነጋዴው ደግሞ ቀኑ ከምንም በላይ የሀብት አምላክ የሚሏት የላክሽሚ ነው። የዓመቱ የሒሳብ መዝገብ ይዘጋል፣ አዲሱ በጸሎት ይከፈታል። በዚያ ዓመት ዋናው ሌሊት ሰኞ፣ ኦክቶበር 24 ላይ ዋለ። በወሩ መጀመሪያ እዚያው ዱባይ፣ ጀበል አሊ ላይ አዲሱ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተከፍቶ ስለነበር የሕንዶቹ ሠራተኞች ፊት ገና ከወዲሁ በርቷል።

ማሃራጅ ስድሳዎቹን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። የራሳቸውን የናስ ድስትና ማማሰያ ይዘው መጡ። ከምድጃው አንዱን ጥግ ሰጠናቸው። እኔን ረዳት አድርጎ ሼፉ መደበላቸው።

ቅዳሜ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ ጀመርን። የሽምብራ ዱቄት በንጥር ቅቤ እያማሰሉ መቁላት ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ያህል ቅቤ ይገባል። እሳቱ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ክንድ እስኪዝል ይማሰላል። መጀመሪያ ዱቄቱ ይደርቃል፣ ይጓጉላል፣ ቅቤው የት ገባ ያሰኛል። ከዚያ ቀስ እያለ ይላላል፣ ቅቤውን መልሶ ይተፋል፣ ቀለሙ ወደ ወርቅ ይሄዳል። ሽታው በዚህ ጊዜ ነው የሚነሣው። እኔ ደግሞ በዚህ ጊዜ ነው የጠፋሁት።

ሽሮ ሸተተኝ። የተቆላ ሽምብራ፣ ቅቤ የነካው። እናቴ ሽሮ ስታዘጋጅ ግቢው የሚሸተው ሽታ። ከአገር ከወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ማሃራጅ ድስቱን አውርደው፣ ለብ ሲል ስኳርና የተፈጨ ሄል ጨምረው እጃቸውን ሊታጠቡ ዞር ሲሉ እጄ ወደ ኪሴ ገባ። ንጹሕ ማንኪያ አወጣሁ። ቀመስኩ። ያቺን ማንኪያ ወደ ማጠቢያው ወረወርኩ። እንደ ደንቡ ማለት ነው።

ኳኳታውን ሰምተው ዞሩ።

«ቤቲ፣ ቀመስሽው እንዴ?»

«አዎ፤ በጣም ጣፋጭ ነው» አልኩ። ያመሰገንኳቸው መስሎኝ።

አልተቆጡም። ብቻ ድስቱን አንስተው ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጡት። «ጁታ ሆ ጋያ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ኔፓላዊው ከወዲያ ጭንቅላቱን ያዘ። ትርጉሙን ከፊቱ አነበብኩት። ተበላሽቷል ነው።

ሼፉ መጣ። ስድስት ኪሎ ዱቄት፣ ሦስት ኪሎ ንጥር ቅቤ። ማንኪያው ንጹሕ ነበር፣ ሁለቴ አልነከረችም፣ ጓንት አድርጋለች ብሎ ተከራከረልኝ። በእሱ ሕግ ጥፋት የለብኝም። ማሃራጅ ሁሉንም ሰምተው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። «ንጹሕ ነው። ግን ተቀምሷል» አሉ። ሼፉ ተናዶ ወጣ። ወጪው ከደመወዜ ይቆረጥ አይቆረጥ ሳይናገር ነው የወጣው። ይህ ደግሞ ለብቻው የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

እውነቱን ልናገር። እኔ የተሰማኝ ጥፋተኝነት አልነበረም፤ ንዴት ነው። እጄን ተጸየፉት ብዬ አሰብኩ። ጠይም ስለሆንኩ ነው፣ ሰው ቤት ያጸዳሁ መሆኔን ሰምተው ነው፣ የእነሱ የዘር ነገር ነው። በሕንድ ማን የማንን ምግብ ይነካል የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያስለቀሰ መሆኑን ማንም ያውቃል። የለም ብዬ አልሸነግልም፤ አለ። ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ኔፓላዊው ተከትሎኝ መጣ። «ሕንድም ትሁኚ ኔፓል ያው ነው» አለኝ። «ያ ድስት መጀመሪያ ለላክሽሚ የሚቀርብ ነው። ሳይቀርብ በፊት ማንም አይቀምሰውም። የተቀመሰ ምግብ ትርፍራፊ ነው፤ ትርፍራፊ ደግሞ ለአምላክ አይሰጥም። ራሳቸውም አይቀምሱም። የምታውቂ መስሎኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ታዲያ ሳይቀምሱ እንዴት ነው የሚሠሩት?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ነው እናቴ የታወሰችኝ።

የፋሲካ ዋዜማ። ከአምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ። ቀኑን ሙሉ አክፍላ፣ ምድጃ ሥር ቆማ ዶሮ ወጥ የምትሠራው እናቴ። ሽንኩርቱን በዓይኗ ነው የምታየው፣ በርበሬው ሲበስል በአፍንጫዋ ታውቀዋለች፣ ጨው በእፍኟ ትመዝናለች። አንዲት ጠብታ ምላሷ ላይ አታደርግም። በጣም ከጨነቃት ታናሽ ወንድሜን ትጠራና መዳፉ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። በልጅነቴ የአገሩ ሴት ሁሉ ሳይቀምስ ሲሠራ እያየሁ አድጌ፣ እኚህን ሰውዬ እንዴት ይችላሉ ብዬ ጠየቅኩ።

ተመልሼ ገባሁ። ማሃራጅ አዲስ ዱቄት እየነፉ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ። በተሰባበረ ሂንዲና እንግሊዝኛ የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። ወንፊቱን አቁመው ሰሙኝ። ልጁ መዳፍ ላይ ጠብ የምታደርገው ጋ ስደርስ ሳቁ። «የእኔም እናት ሽታውን ስሚ ነው የምትለው፤ ለእህቴ» አሉ። «ረቡዕስ? ያን ቀን ምን ታደርጊያለሽ?» ኔፓላዊውን ጠቆምኩ። እሱ አውራ ጣቱን አነሣ።

ያን ምሽት ሳልቀምስ መሥራት ተማርኩ። ዱቄቱ የደረሰ እንደሆነ ማማሰያው ይቀላል፤ የሚጎትተው ነገር ይጠፋል። ስኳር ትኩስ ላይ ከገባ ይቀልጥና ላዱው ተዘርግቶ ይቀራል። ለብ እስኪል ይጠበቃል፤ እጅሽ ሳይሸሽ ከቻለ ጊዜው ነው። ለካጁ ካትሊ የሚሆነውን የስኳር ሽሮፕ ደግሞ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይዘው ይሳቡታል። አንድ ክር ብቻ ተመዝዞ ሳይበጠስ ከቆመ ደርሷል። ሦስት ዓመት በቴርሞሜትር ስለካው የኖርኩት ነገር ነው። መለኪያውም እሳቸውም አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚቆሙት። ሞክሬ አይቻለሁ፤ ተደብቄ።

ሰኞ ማታ ትእዛዙን ይዤ ከሾፌሩ ጋር ሄድኩ። የቢሮው በር ላይ በቀለማም ዱቄት ውብ ሥዕል ተሥሏል፤ ራንጎሊ ይሉታል። እንዳልረግጠው ካርቶኑን ተሸክሜ እየተጠነቀቅኩ ገባሁ። መስኮቱ ሥር የሸክላ ኩራዞች ተደርድረዋል፣ በቅቤ የራሰ የጥጥ ክር ይነድባቸዋል። ከላክሽሚና የዝሆን ራስ ካለው አምላካቸው ከጋኔሽ ምስል ፊት ቀይ ሽፋን ያለው የሒሳብ መዝገብ ተቀምጧል። «ሹብ ላብ» ተጽፎበታል፤ መልካም ዕድልና ትርፍ እንደማለት። ከመዝገቡ ጎን ላፕቶፕ አለ። እሱም ግንባሩ ላይ ቀይ ነጥብ ተደርጎለታል። አሁን ሒሳቡ ያለው እሱ ውስጥ ነዋ።

ማክሰኞ ማሃራጅ ምድጃ አልለኮሱም። ከሰዓት በኋላ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር፤ ዱባይም ታይቷል። በግርዶሽ ሰዓት አይበሰልም፣ አይበላም። ሼፉ ሰዓቱን እያየ ተንጎራደደ። ከቅዳሜው ወዲህ ግን አልተከራከረም። በግርዶሹ ምክንያት የጉጃራቶቹ አዲስ ዓመት ወደ ረቡዕ ተገፋ። በእነሱ አቆጣጠር 2079ን ሊቀበሉ ነው። ዓለሙ 2022 ላይ፣ እኛ 2015 ላይ፣ እነሱ 2079 ላይ። የራሳችን ቁጥር ያለን እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ማሃራጅ ከእኛ ጋር የሚሠሩበት የመጨረሻው ቀን ነው። በአምላካቸው ፊት ምግብ እንደ ተራራ ይከመራል። ያ ሁሉ ጣፋጭ ከቀረበ በኋላ «ፕራሳድ» ሆኖ ተመልሶ ለሰው ይታደላል። ከቢሮው ለወጥ ቤቱ ሠራተኞች አንድ ትልቅ ትሪ ተላከልን። ሁሉም ተሻማ። እኔ ግን ዳር ቆምኩ። በእምነቴ ለሌላ አምላክ የቀረበ አልበላም። ይህን እንዴት ብዬ ለእኚህ ሰው እንደምነግር ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ነው የዋልኩት።

ማሃራጅ ናሳቸውን ጠቅልለው፣ ሊወጡ ሲሉ ጠሩኝ። በፎይል የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖሩ።

«ይሄ ከመጀመሪያው ድስት ነው» አሉ። «አንቺ የቀመስሽው። የትም አልቀረበም።»

ልከፍተው ስል እጄን ያዙኝ። «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?»

ሐሙስ ጠዋት ማደሪያዬ ውስጥ ሻይ አፍልቼ በላሁት። ስኳሩ በዝቷል። ሳይቀመስ የተሠራ ነገር እኮ እንዲህ ነው።