«አንድ ስንዝር ብቻ ቁረጥልኝ»

ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ማሽን ያለበት ቤት) ላለው ሰው፣ ማሽላ ማሸት የሚጀምርበት ወቅት የራሱ ደንበኞች አሉት። በሌላው ጊዜ የሚመጣልኝ የወፍጮ ዘንግ፣ የባጃጅ ቡሽ፣ የውኃ ፓምፕ አካል ነው። ጥቅምት ሲገባ ግን ከቃሉ ገጠርና ከቦርከና ዳር ማሽላቸውን ከከርከሮ የሚጠብቁበትን ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልለው ብቅ የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ይኼን አፈሙዝ አሳጥርልኝ፤ ቁጥቋጦ ውስጥ አላስገባ ብሎኛል።» መልሴም አንድ ነው፤ አልቆርጥም። ብዙዎቹ ተቀይመውኝ ስለሚሄዱ ምክንያቴን እዚህ ላስቀምጠው።

ሕጉን ላስቀድምና ልገላገለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ፤ የጠመንጃ ጥገና ያለ ፈቃድ የሚነካ ሥራ አይደለም፤ የእኔ ንግድ ፈቃድ ደግሞ ለብረታ ብረት ነው። ድኩላም ሆነ ከርከሮ ያለ ፈቃድ አይታደንም። ይህን ስናገር «እና ማሽላዬን መንግሥት ይጠብቅልኛል?» የሚል አይጠፋም። አልፈርድበትም። አንድ ሌሊት የዱር አሳማ ያደረበትን እርሻ ያየ ሰው አይፈርድም። ነገር ግን ሕጉ ባይኖር እንኳ አልቆርጥም።

ባለፈው የመጡት ሽማግሌ ከአባታቸው የወረሱት ቤልጅግ፣ የቤልጂየም ሥሪት ጠመንጃ፣ ነበራቸው፤ ፈቃዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በደረት ኪሳቸው አለ። ሰደፉ በእጅ ብዛት ለስልሶ፣ ብረቱ ግን ቅባት ሳይለየው የኖረ ጥሩ መሣሪያ ነው። በሜትር ለካሁት፤ አፈሙዙ 59 ሴንቲሜትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 110 ሊሞላ ትንሽ የቀረው። «ክላሽ ስንት ነው?» አሉኝ። 88 ገደማ አልኳቸው። «በቃ፣ ወደዚያ አስጠጋልኝ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሰው ክላሽን እያየ ነው የሚመኘው። ክላሽ የሚያጥረው ጥይቱም አብሮ ስለሚያንስ ነው። የቤልጅግ ጥይት የሚይዘው ባሩድ የክላሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ያን ያህል ባሩድ ተቃጥሎ እርሳሱን፣ ከጥይቱ ተለይቶ የሚወጣውን ጫፍ፣ እስኪገፋ ርዝመት ይፈልጋል። ርዝመቱን ሲነፈግ የተረፈው ኃይል አፈሙዙ ደጃፍ ላይ በነበልባልና በድምፅ ይወጣል። ቁጥቋጦ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ በጨለማ፣ አንድ ጊዜ የተኮሰ ሰው ለጥቂት ጊዜ ዓይኑም ጆሮውም አብረውት አይሆኑም። ሽማግሌው ቀድሞም በግራ ጆሯቸው በደንብ አይሰሙም።

«ጉልበቱ ያልቃል» የሚለውን ክርክር ግን እኔ አልደግፍም፤ ሰው ሲያጋንነው ነው የምሰማው። ከእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ አንድ ስንዝር ቢነሳ እርሳሱ በሰከንድ ከሚጓዘው ከ700 ሜትር በላይ የሚቀንሰው ሃምሳና ስልሳ ሜትር አካባቢ ነው። በሠላሳ እርምጃ ላይ የቆመ ከርከሮ ይህን ልዩነት አያውቀውም። የሚጎዳው ሌላው ነው። የፊቱ ማነጣጠሪያ ወደ ኋላ በቀረበ መጠን፣ የዓይን ትንሽ ስሕተት ኢላማው ላይ እየሰፋች ትሄዳለች። ከኋላ ባለው ማነጣጠሪያ ላይ ያለው የርቀት ቁጥርም የተሠራው ለነበረው ርዝመት ስለሆነ ትርጉም ያጣል። ፊቱ የቀለለ ጠመንጃ ደግሞ የደከመው ክንድ ላይ አይረጋም።

ጨርሶ ያስጠላኝ ግን ደሴ ሸርፍ ተራ አካባቢ አንድ ወዳጄ ያሳየኝ የጣሊያን ካርካኖ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ደሴን ከያዘ በኋላ እዚህ አገር ከቀሩት ዓይነት ነው። በብረት መጋዝ ተቆርጧል። በማጉያ መነጽር አፉን አየሁት፤ ክቡ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ውስጥ ካሉት፣ እርሳሱን ከሚያሽከረክሩት ጥምዝ መስመሮች አንዱ ጫፍ ላይ የጥፍር ስባሪ የምታህል የብረት ፍንጣሪ ተንጠልጥላለች። ወዳጄ «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» አለ። እርሳሱ አፉን ለቆ በሚወጣባት ቅጽበት ከኋላው ያለው ጭስ ክፍት ባገኘው ወገን ቀድሞ ያመልጥና የእርሳሱን መቀመጫ ገፍቶ ያጋድለዋል። ጠመንጃው ምንም ሳይሆን ጥይቱ ወደ ፈለገው ይሄዳል። የአፈሙዝ ትልቁ ሥራ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ መጋዝ የሚያርፈውም እዚያው።

ካርካኖ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ውስጡ ያለው ጥምዝ ከመነሻው ዝግ ብሎ ይጀምርና ወደ አፉ ሲቀርብ እየፈጠነ ይሄዳል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1924 ረጃጅሞቹን እየቆረጡ አጭር አድርገው ነበር፤ የተቆረጠው ፈጣኑ ጥምዝ ያለበት ጫፍ ሆነና አነጣጥሮ መምታት ላይ ስማቸው አልተወደደም። እንግሊዞችም በእስያ ጫካ ውጊያ ብለው እ.ኤ.አ. በ1944 የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃቸውን አፈሙዝ ከ64 ወደ 47 ሴንቲሜትር ግድም አሳጠሩት፤ ለነበልባሉ አፉ ላይ መከለያ፣ ለትከሻ ሰደፉ ላይ ላስቲክ ጨመሩለት። እንዲያም ሆኖ ወታደሩ ትከሻውን እያሻሸ አማረረ። ፋብሪካ ይዘው፣ መሐንዲስ ቀጥረው እንዲህ ከሆኑ፣ የእኔ ቶርኖ ምን ሊያደርግ ነው?

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ አላልኳቸውም። «ጋሼ፣ ክትክታ ውስጥ የሚይዝዎት የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ተነሥተው አሳዩኝ። ጠመንጃውን በትከሻቸው አንግተው፣ አፈሙዙ ከራሳቸው በላይ ቆሞ፣ በቶርኖ ቤቴ በር ሥር ሲያልፉ የበሩን ጉበን ነካ። ቀንጠፋ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። አፈሙዙ በስንዝር ቢያጥር እንኳ ከራሳቸው በላይ መቆሙ አይቀርም። ማንገቻቸው ልቅ ነው፤ ጠመንጃው ሲራመዱ ይወዛወዛል፤ ቅርንጫፍ ሲይዘው ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል።

ማንገቻውን አሳጥረን፣ ጥቅጥቅ ያለው ቦታ ሲደርሱ አውልቀው በሁለት እጃቸው ከደረታቸው ፊት እንዲይዙት ነገርኳቸው፤ ጥይት ከአፈሙዙ ውስጥ ሳይኖር፣ አፉ ሰው ወደሌለበት ዞሮ። ግቢዬ ውስጥ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች መካከል አስገብቼ አስሄድኳቸው። አልነካም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነገርኳቸው፤ በቅርንጫፍ ውስጥ መተኮስ ይቅር። «ከባድ እርሳስ ቅጠሉን በጥሶ ይሄዳል» የሚል አሮጌ ወሬ አለ። የትኛውም ጥይት ቅርንጫፍ ከነካ መንገዱን ይስታል፤ ከባዱም ቀላሉም። ቁጥቋጦው ከከርከሮው አንድ ክንድ ፊት ከሆነ ብዙም አይርቅ ይሆናል፤ ከተኳሹ አጠገብ ከሆነ ግን የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። ከማሽላው ማዶ ደግሞ የጎረቤት ጎጆ አለ፤ ጎጆው ውስጥ ሕፃናት አሉ። ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ጎጆው የልጃቸው ነው።

ከርከሮው ከደኑ የሚወጣበትን መንገድ ስፋት ያለው አድርጎ መመንጠር፣ ዳሩ ላይ ማማ ሠርቶ ወደ ታች መመልከት፣ አብዛኛውን ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮ መምታት ከጠመንጃ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ሽማግሌው ግን ቆርቆሮ የሚመታ ልጅ እንቅልፋም ነው ባይ ናቸው።

ለምክሩ ገንዘብ አልቀበልም ስላቸው በሳምንቱ የማሽላ እሸት በኬሻ አስይዘው ላኩ። ባለፈው ገበያ ላይ አግኝቻቸው ማንገቻው እንዴት ሆነ ብላቸው ተስማምቷል አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «አንድ ስንዝር ሳይሆን ግማሽ ስንዝር ብትሆንስ?» አሉኝ።