ከወንዝ ቀድቶ መጠጣት
ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ስንደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ወንዙ ጎርፍ ገብቶበት ደፍርሷል። የያዝነው ውሃ መንገድ ላይ አልቋል። ከፍ ብሎ ከድንጋይ ስር ኩልል ያለች ምንጭ ትወርዳለች። አንዱ ጓደኛችን ኩባያውን ይዞ ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት።

ውሃ መጥራቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ጃርዲያ የሚባለው ተውሳክ በዓይን አይታይም። ከሰውም ከእንስሳም ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። የሚያሳምመውም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ "ትናንት ጠጥቼ ምንም አልሆንኩም" የሚል ሰው አያሳምነኝም።

ምንጯ ቀጭን ስለነበረች ለሁላችንም አልበቃችም። ዋናውን ውሃ ከወንዙ ቀዳን። ድፍርስ ውሃ ቸኩለው አይነኩትም። ባልዲው ውስጥ አቆየነው፣ ጭቃው ወደ ታች ዘቀጠ፣ ከላይ ያለውን በተደራረበ ንጹህ ነጠላ ጨርቅ ቀስ አድርገን አጠለልን። ይህ ጀርም አይገድልም። ግን ያለዚህ ቀጣዩ ሥራ ሁሉ ይበላሻል፦ ጭቃ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ክሎሪኑንም ጀርሙ ላይ ሳይደርስ ይጨርሰዋል።

ከዚያ አፈላነው። እኔ እሳት ካለ ከማፍላት የተሻለ ነገር አላውቅም። ባክቴሪያውንም ቫይረሱንም ጥገኛ ተውሳኩንም አንድ ላይ ይጨርሳል። ብዙ ሰው 20 ደቂቃ መፍላት አለበት ይላል፤ ነዳጅ ማባከን ነው። በደንብ ከተንተከተከ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ አድርጉት። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ 3000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። እኛም እዚያው አካባቢ ስለነበርን 3 ደቂቃውን በሰዓት ቆጠርን። ክዳኑን ሳንከፍት በዚያው ድስት አቀዘቀዝነው። የፈላ ውሃ ጣዕሙ ይሞታል። ከአንዱ ንጹህ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግሞ መገልበጥ ነፍስ ይዘራበታል።

ሌሊቱ በረዶ የሚጥል ብርድ ነበር። ትንሿን የእጅ ማጣሪያ የመኝታ ከረጢቴ ውስጥ ይዣት ተኛሁ። ውስጧ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዴ ውሃ ከነካቸው በኋላ በረዶ ከሠሩ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ ደግሞ ከውጭ አይታይም። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባክቴሪያና ጥገኛ ተውሳክ ያስቀራል። ቫይረስ ግን ከዚያ ስለሚያንስ ያልፋል።

በማግስቱ ቁልቁል ስንወርድ እሳት የማንደድ ጊዜ አልነበረንም። መንገድ ላይ የምንጠቀመው ማጣሪያና የክሎሪን እንክብል አንድ ላይ ነው። ምክንያት አለኝ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ ተራ ክሎሪን አይበግረውም። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ዓይነትም ቢሆን እሱን ለመግደል 4 ሰዓት ይፈልጋል። ማጣሪያው ግን ወዲያው ያስቀረዋል። ያመለጠውን ቫይረስ ደግሞ ክሎሪኑ በግማሽ ሰዓት ይገድለዋል። ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ትንሽ ጨምረን እንጠብቃለን። የአዮዲን እንክብል ይዛችሁ ከሆነ ነፍሰ ጡር ሴትና የእንቅርት እጢ ችግር ያለበት ሰው አይጠቀሙበት።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ በእርሻ መሃል ማለፍ ጀመረ። ከዚያ አልቀዳንም። ፀረ ተባይ ኬሚካል በማፍላት አይወጣም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይወፍራል። ከላይ በጀሪካን ሞልተን የወረድነው ለዚህ ነው። ከባድ ነበር፣ ግን ደግሜም እሸከመዋለሁ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዕቃውን ነው። ያልታከመ ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ የመጠጥ ውሃ አይገባበትም። መፀዳጃ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቀን እንቆፍራለን። እንክብሉ ጠርሙሱ ውስጥ ከሟሟ በኋላም ክዳኑን ላላ አድርገን ጠርሙሱን እንዘቀዝቀዋለን። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ የቀረ የወንዝ ውሃ ካለ ክሎሪን ባለው ውሃ ይታጠባል። ከዚያ ክዳኑን አጥብቀን ግማሽ ሰዓቱን መቁጠር እንጀምራለን።