ቦንጋ ሲኬድ ሰዓቱ የዝናቡ ነው

ካፋ ውስጥ ያለችው ቦንጋ ድረስ ሄደው ደኑን ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከተማዋ በኮረብታ ላይ የተዘረጋች ስለሆነች ከሆቴል በረንዳ ቆሞ ለሚያይ ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ ነው። «ይኸው ደኑ» ብሎ ፎቶ ያነሣና በማግስቱ ይመለሳል። ከዚያ አረንጓዴ ውስጥ ግን ብዙው እንሰት፣ ሙዝ፣ የጓሮ ቡናና ባሕር ዛፍ ነው። ሰው «የካፋ ደን» ሲል የሰማው፣ ቀረሮውና ዋንዛው ሰማይ የሚጋርድበት፣ ቡናው ማንም ሳይተክለው ከሥር የሚበቅልበት ቦታ ከከተማው ወጥቶ በእግር ወይም በሞተር የሚደረስበት ነው። እዚያ ለመግባት ማልዶ መነሣትና የቦታውን ሰው መያዝ ግድ ይላል። ሁለቱም ከመንገዱ በፊት መታሰብ አለባቸው።

በመጀመሪያ ቀናቱን እንቁጠር። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማ ቦንጋ ደግሞ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩን ደምሮ «በአንድ ቀን ይገባል» የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ይገባል። የሚገባው ግን ምሽት ላይ ወገቡ ተቆርጦ ነው፤ በማግስቱ በ12 ሰዓት ተነሥቶ ደን የሚገባበት ጉልበት አይኖረውም። ጅማ ማደር ይሻላል። አቅም ያለው እስከ ጅማ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ መኪና ይይዛል። ከጅማ መናኸሪያ የሚነሡት ሚኒባሶች ሲሞሉ ነው የሚወጡት፤ ጠዋት ቶሎ ይሞላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ሰው እየጠበቁ ሰዓት ያልፋል። ቦንጋ ላይ ሦስት ሌሊት ያዙ። ሁለት ሌሊት ማለት አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው፤ ያ ቀን ከዘነበ ጉዞው በሙሉ በረንዳ ላይ ያልቃል።

መንገዱ በሰቃና በሸቤ አድርጎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል። ጎጀብ የጅማና የካፋ ድንበር ነው፤ ድልድዩን ስትሻገሩ ካፋ ገባችሁ። ሸለቆው ከቦንጋ ይልቅ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ወባ ይበረታበታል። ቦንጋ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወባ አይደርስባትም የሚባል ከፍታ ግን አይደለም። አጎበር የሌለው ክፍል ከተሰጣችሁ ጠይቁ፣ ከሌለም የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ በምትነሡበት ዋዜማ ቦንጋ ላለ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የሳምንት ወሬ አይበቃም።

ቦንጋ አሁን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት፤ ክልሉ የተመሠረተው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ለጎብኚ ይህ ማለት ስብሰባ ማለት ነው። ትልቅ ስብሰባ ባለበት ሳምንት ደህና ደህናው ሆቴል በአበል አዳሪ ይሞላል። ደውሎ ክፍል ማስያዝ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ያስፈልጋል።

መቼ መሄድ እንደሚሻል የሚወስነው ዝናቡ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ ክረምቱ ላይ ይበረታል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የቀለለው ነው፤ ያኔም ጃኬት ቤት አይተውም። በዝናቡ ወራት እንኳ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ደኑ ያደረበትን እርጥበት ይተነፍሳል፣ ጭጋጉ እየተነሣ ይሄዳል፣ እኩለ ቀን ሲያልፍ ደመናው ይከብዳል፣ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ያወርደዋል። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደኑ ጫፍ ደርሶ ከ7 ሰዓት በፊት ወጥቶ መገኘት ነው። ጉሬዛም የሚጮኸው፣ ትልልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎችም ክንፋቸው እየተሰማ ከዛፍ ዛፍ የሚሻገሩት ማለዳ ነው። 5 ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው ዛፍ ያያል፣ አንገቱን ያመዋል፣ ያ ነው።

ዋናው የጅማና የሚዛን መንገድ አስፋልት ነው። ወደ ቀበሌዎቹ የሚገባው ግን ቀይ አፈር ነው፤ ሰውን የሚያስቸግረውም ይኸው አፈር ነው። ደረቁ ሳለ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ዝናብ እንደጀመረ ላዩ ብቻ ይርሳል፣ ሥሩ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንሸራታች የሚሆኑት ለዚህ ነው። ሞተረኛው «እንሂድ፣ ገና ነው» ቢል ወርዳችሁ ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ። ባጃጅ ለከተማው ነው፤ ቀበሌ መንገድ ላይ ጭቃ ሲይዘው የሚገፋው ተሳፋሪው ነው። ጫማችሁ የስፖርት ከሆነ ገበያ ላይ የፕላስቲክ ቦቲ ይሸጣል። አያምርም፣ ውሃ ግን አያስገባም፤ የአካባቢው ሰውም የሚያደርገው እሱን ነው። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ በወፍራም ካልሲ ልበሱት፤ ልክክ ያለው ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይነቅላል።

ሱሪውን ካልሲ ውስጥ መክተት ሞኝ ያስመስላል፤ ምክንያቱ ጉንዳን ነው። በእርጥብ መንገድ ላይ ጥቁር ገመድ የተዘረጋ መስሎ ይታያል፤ የሚንቀሳቀስ ገመድ ነው። ስታዩት ተራመዱት እንጂ ፎቶ ለማንሣት አጠገቡ አትቁሙ፤ ጠባቂዎቹ ከመስመሩ ወጥተው ዳር ዳሩን ስለሚዞሩ እግራችሁ ላይ ሲወጡ አይታወቃችሁም። የሚታወቀው ጉልበት ላይ ደርሰው ሲነክሱ ነው። ያኔ ሰው ባለበት ቆሞ እግሩን ይመታል፤ ሌሎቹ በጫማው እየወጡ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ አሥር እርምጃ ሸሽቶ ከዚያ አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ጭንቅላቱ ቆዳ ላይ ከቀረ በጥፍር ይወጣል። ሌላው ጠላት ሳማ ነው። በቀጭን ሱሪ ያልፋል። ለመደገፍ እጃችሁን ስትሰዱ መጀመሪያ የምትይዙትን እዩ፤ ከዚህ ይልቅ ዱላ መያዝ ይሻላል።

ወደ ቡናው እንምጣ፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ለእሱ ነውና። የዱር ቡናን አይቶ «ይህ ነው እንዴ?» የማይል የለም። በመስመር አልተተከለ፣ አልተገረዘ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ብርሃን ፍለጋ የተጠማዘዘ ግንድ ነው፣ ፍሬውም በየቅርንጫፉ ጥቂት ጥቂት ነው። ጥላው ስለሚከብድ ብዙ አያፈራም። ጥቅጥቅ ያለ ፍሬ የተሸከመ ቡና ካያችሁ፣ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ከተመነጠረና ላዩ ያለው ዛፍ ከሳሳ፣ ያ ከፊል የደን ቡና ነው፤ ሰው እየገባ ይንከባከበዋል። ከቤት ጀርባ ያለው የጓሮ ቡና ነው። ሦስቱን መለየት የቻለ ሰው ጉብኝቱን ግማሽ ጨርሷል፤ አስጎብኚ ነኝ ባይ ሁሉ ሦስቱንም «የዱር» ይላቸዋልና። በደቻ ወረዳ ያለችው ማኪራ የቡና መገኛ ናት ተብላ የምትታወቀው ቀበሌ ናት፤ ሙሉ ቀን ይዛችሁ ሂዱ። የቡና መገኛ ካፋ ነው ወይስ ጅማ የሚለውን ክርክር ግን ከጅማ በሚነሣ ሚኒባስ ውስጥ ባትጀምሩት ጥሩ ነው፤ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይቆያል።

ቀይ ፍሬ ማየት የፈለገ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሂድ። አበባውን የፈለገ ዕድል ይሞክር፤ የበጋው ድርቀት በመጀመሪያው ዝናብ ሲሰበር ይፈነዳል፣ ሽታው ደኑን ይሞላል፣ በጥቂት ቀን ይረግፋል። በመልቀሚያው ወቅት የማድረቂያ አልጋዎቹን ቆም ብላችሁ እዩ። ቀዩ ፍሬ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣል፣ በቀን ደጋግሞ ይገላበጣል፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ካፋ እርጥብ ስለሆነ ከዚያም ያልፋል። ወፍራም ተደርጎ ከተሰጣ መሐሉ ይሻግታል። መሬት ላይ ከተሰጣ ደግሞ የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ያ ሽታ ተቆልቶም አይለቅም። ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ከሆነ ሁለት ኪሎው አንድ ይሆናል። ዋጋ ስትነጋገሩ የትኛውን እንደምትገዙ ግልጽ አድርጉ። ብዙ ሰው ጀንፈል በንጹሕ ቡና ሒሳብ ገዝቶ ቤቱ የሚደርሰው ግማሹ ገለባ ይሆንበታል።

ደኑ ባለቤት የለውም ብሎ የሚገባ ሰው ከሰው ጋር ይጋጫል። ካፋዎች ኮቦ የሚሉት የቆየ የይዞታ ልማድ አለ፤ በየትኛው የደን ክፍል ማን ቀፎ እንደሚሰቅልና ማር እንደሚቆርጥ በቤተሰብ የታወቀ ነው። ዛሬ በዚያ ላይ የደን ማኅበራት አሉ። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ሲመዘገብ ደግሞ በቀጠና ተከፋፍሏል፤ ጥብቅ በሆነው ክፍል መቁረጥም መልቀምም የለም። አንድ ፍሬ ቡና «ለማስታወሻ» ስትቀጥፉ የሰው ምርት ልትነኩ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው የቦታው ሰው የሚያስፈልገው። ከተማው ውስጥ ካለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ካለ ደረሰኝ ተቀበሉ። የአስጎብኚውን ዋጋ በሰው ይሁን በቡድን፣ ሞተሩን ይጨምር አይጨምር፣ ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሱ። ዝርዝር ብር ያዙ። ኔትወርክ ደን ውስጥ ስለሚጠፋ በቴሌብር እከፍላለሁ ማለት አስጎብኚውን ከተማ ድረስ ተከትሎ ማስመጣት ነው።

ቀና ብላችሁ ዛፉ ላይ በርሜል የመሰለ ነገር ተሰቅሎ ካያችሁ ቀፎ ነው። ያን ያህል ከፍታ የሚሰቀለው ንቡ ከአበባው እንዲቀርብ፣ ሰውና አውሬም እንዳይደርስበት ነው። ዋናው የማር ቆረጣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይሆናል። ነጩ ማር ከጌተሜ ዛፍ አበባ የሚገኘው ነው። ከታወቀ ሰው ግዙ፤ ገበያ ላይ ያለው «ነጭ» ሁሉ ከጌተሜ አይደለም። ከቀፎ ሥር ስትቆሙ ሽቶ የተቀባ ሰው ወደ ኋላ ይቅር።

አንበሳ? አለ። አታዩትም። ጎሽም እንዲሁ። አንበሳ አሳያለሁ ብሎ ዋጋ የሚጨምርን ሰው ተዉት።

ከከተማው ብዙ ሳይርቅ የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ ድንጋይ ድልድይ አለ፤ የባርታ ፏፏቴም አለ። ለመጨረሻው ቀን ግማሽ ቀን ይሆናሉ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙ እዚያው ቦንጋ ውስጥ ነው፤ ክፍት መሆኑን ጠይቃችሁ ሂዱ። በሚዛን መንገድ የውሽውሽ ሻይ ልማት ይገኛል፤ ከደኑ ወጥቶ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለውን ሻይ ማየት ልዩነቱን በደንብ ያሳያል።

ለቤት ኮረሪማና ጥምዝ ሳይገዙ መመለስ ያስቆጫል፤ ሁለቱም ከዚሁ ደን ሥር የሚለቀሙ ናቸው። ኮረሪማ ስትገዙ አንዱን ስበሩ። ፍሬው ጠቆር ያለ፣ እርስ በርሱ የማይጣበቅና ሽታው ወዲያው አፍንጫ የሚገባ መሆን አለበት፤ ገርጥቶ የተሸበሸበው ሳይበስል የተለቀመ ነው። ጥምዝ ደግሞ በእጅ ሲሰበር ጠቅ የሚል ደረቅ ይሁን፤ የሚተጣጠፈው ቤት ሲደርስ ይሻግታል። ቡና ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ብቻ ግዙ፤ ያለ ፈቃድ ብዙ መጫን ኬላ ላይ ያስይዛል፣ ስንት ኪሎ እንደሚያልፍ ሻጮቹ ያውቃሉ። ከረጢቱ ጨርቅ ወይም ጆንያ ይሁን። ላስቲክ ውስጥ የታሰረ ቡና ጎጀብ ሸለቆ ሲደርስ ያልበዋል፤ ሸቤ ላይ ፈታ አድርጋችሁ አናፍሱት።