«በጥቅል» የምትለዋ መስመር

የበጀት ሠንጠረዡ ዛሬም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። 11 መስመር ነው። ሰባተኛዋ «የኮንቴይነር ማሻሻያ ሥራ፣ በጥቅል» ትላለች። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀችብኝ።

የምሠራው አዳማ ውስጥ ወጣቶችን ልብስ ስፌት በሚያሠለጥን አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። ግዢና በጀት የእኔ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ተጨማሪ የሥልጠና ክፍል አስፈለገን። ግቢው ግን የኪራይ ነው። በሰው መሬት ላይ ብሎኬት ደርድሮ፣ ውል ሲያልቅ ትቶ መውጣት ደግሞ አንጀት ያቃጥላል። ሥራ አስኪያጃችን «ለምን ኮንቴይነር አናደርገውም?» አሉ። ሁለት ባለ 40 ጫማ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ መሃል ያለው ግድግዳ ይነሳል፣ አዳራሽ ይሆናል። ውሉ ሲያልቅ በክሬን ብድግ አድርገን እንሄዳለን። ሁላችንም ወደድነው።

ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። አንዱ ኮንቴይነር 12.19 ሜትር ርዝመትና 2.44 ሜትር ስፋት አለው። ሁለቱ ሲገጥሙ ወደ 60 ካሬ ሜትር ይጠጋሉ። «ሃይ ኪዩብ» የሚባለውን፣ ቁመቱ 2.90 ሜትር የሆነውን መረጥን። ግድግዳው አለ፣ ጣሪያው አለ፣ ወለሉ አለ። ቤቱ ያለቀ መሰለን። የቀረው መስኮት ማውጣት ብቻ ነው ብዬ የኮንቴይነሩን ዋጋ ትልቁ መስመር አደረግኩት። ከዚያ መጓጓዣ፣ ክሬን፣ መሠረት፣ መብራት፣ ቀለም። ቀጥሎ ያቺ «በጥቅል»። መጨረሻ ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ።

ብሩን እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ ብጽፈው ነገ ያስቃል።

ኮንቴይነሮቹን ያገኘነው ሞጆ ነው። ደረቅ ወደቡ ለእኛ ጎረቤት ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። «ትራንስፖርቱ ምን አላት» ብዬ ነበር። መንገዱስ እውነትም አጭር ነው። ክሬኑ ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ እዚያ ይጭናል፣ እዚህ ያወርዳል። ክሬን ደግሞ ቆሞም ይቆጥራል። ባዶው ኮንቴይነር 4 ቶን አይሞላም፤ ያስቸገረን ከፍታው ነው። ሎቤድ በሚባለው ዝቅ ያለ ተሳቢ ላይ ሲወጣ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ግቢያችን መግቢያ ላይ ያለው የመብራት ሽቦ ደግሞ ረግቦ ተንጠልጥሏል። ባለሙያ መጥቶ ሽቦውን እስኪያነሳልን አንድ ጠዋት ሙሉ ክሬኑ ግቢ ውስጥ ተገትሮ ሲቆጥርብን አረፈደ። ከመጠባበቂያው ከፈልን። ለዚህ አይደል የተያዘው? አልኩ ለራሴ።

በዚህ መሃል ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። የእኔ ፕሮፎርማዎች የግንቦት ናቸው። ግርጌያቸው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ዋጋው ለ7 ቀን ብቻ ያገለግላል» ይላል። ብረት ቤት ስደውል «እህቴ፣ እሱ የድሮ ዋጋ ነው» ይለኛል ልጁ። ድሮ የሚለው የሁለት ወሩን ነው።

ነሐሴ ላይ የበያጆች ዋጋ መጣ። ሦስት አስገቡ። ትንሹ እንኳ የሰባተኛዋን መስመር ሦስት እጥፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ይሄ እንግዲህ የዶላሩ ነገር ነው» አሉ። እኔም «አዎ፣ የዶላሩ ነው» አልኩ። ቀለል አለኝ። ሰበቡ ከእኔ በላይ ነው። ከዶላር ጋር ማን ይጣላል?

ከሦስቱ አንዱ ሥራውን በዓይኔ ካላየሁ ብለው ግቢ መጡ። ሻምበል ነው የሚባሉት። ብየዳ የተማሩት ወታደር ቤት ነው፤ ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ ይመስለኛል። የኮንቴይነሩን በር ከፈትንላቸው። ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነውና ወላፈኑ ፊታችንን ገረፈን። «እዚህ ውስጥ ምጣድ ሳይጣድ እንጀራ ይጋገራል» አሉና ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ።

«ልጄ፣ ስንት ሜትር ነው የምታስቆርጪው?»

«ስድስት መስኮት፣ ሁለት በር፣ መሃሉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይነሳል» አልኳቸው።

«እሱንማ ሰማሁ። ስንት ሜትር?»

ዝም አልኩ። እሳቸው መሳል ጀመሩ። የኮንቴይነር ግድግዳ ወጣ ገባ ነው፤ ጠመኔው ሸንተረር በሸንተረር እየዘለለ መስመሩ ነጠብጣብ ይሆናል። ሻምበል ጣታቸውን ጎድጓዳው ውስጥ እየከተቱ የተዘለለውን መልሰው ያገናኙታል። የመጀመሪያውን መስኮት ስለው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ? ግድግዳሽ እንደ አኮርዲዮን ነው። መስኮትሽ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው አርኤችኤስ ነው፤ ያ ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት። አርኤችኤሱን ጽፈሻል?»

አልጻፍኩም።

ያኔ ስልኬን አውጥቼ መደመር ጀመርኩ። መስኮቱ 1.20 በ1 ሜትር ነው፤ ዙሪያው 4.40 ይሆናል። ስድስቱ 26.40። በሩ ዙሪያው 6 ሜትር፣ ሁለቱ 12። መሃል የሚነሳው ግድግዳ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ኮንቴይነር የራሱ ስላለው ሁለት ነው። አንዱ ዙሪያውን 28 ሜትር፣ ሁለቱ 56። ሁሉም ሲደመር 94.40 ሜትር። ሻምበል ደግሞ እያንዳንዱን ሜትር በጣታቸው ይቆጥሩልኛል። ይቆረጣል። በግራይንደር ይስተካከላል። አርኤችኤስ ይገባል። ይበየዳል። ፀረ ዝገት ይቀባል። በሲሊኮን ይደፈናል። አንድ ሜትር ቀዳዳ ስድስት ጊዜ ይከፈልበታል ማለት ነው። እኔ ቆርቆሮውን ገዝቼ ቤት የገዛሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ገንዘቡ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው።

መሃሉ ላይ ሲደርሱ ሻምበል ጠመኔውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

«ኮንቴይነር የሚቆመው በአራት ማዕዘኑ ነው» አሉኝ። «መርከብ ላይ ሲደራረብም ሸክሙ በማዕዘኖቹ ነው የሚወርደው። ጣሪያውን ደግፎ የያዘው ደግሞ ይሄ የናቅሽው ግድግዳ ነው። አሥራ ምናምን ሜትር ስታነሺበት ሆዱ ይወርዳል። ካነሳሽው ወፍራም የብረት ተሸካሚና ምሰሶ ታስገቢያለሽ።»

ተሸካሚና ምሰሶ የሚባል ነገር በሠንጠረዡ ላይ ጭራሽ አልነበረም።

ማታ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ሞከርኩ። የሻምበልን ሜትር ወስጄ በግንቦቱ ዋጋ አሰላሁት። ዶላሩ ባይነካውስ ምን ይሆን ነበር? ሰባተኛዋ መስመር በግንቦቱም ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆና ቁጭ አለች። ደጋገምኩት። ያው ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ቡናው አልጣመኝም።

ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እና ለቦርዱ ምን ልበላቸው?»

«ግማሹ ዶላሩ ነው፣ ግማሹ እኔ ነኝ በሏቸው።»

ግማሽ በግማሽ እንኳ አልነበረም። የእኔው ይበልጣል። ለእሳቸው ግን ያን ያህል ይበቃ ነበር፤ ሳቅ አሉና «በይ ቀዳዳ ቀንሺ» አሉኝ።

ቀነስን። መሃሉን ሙሉ ለሙሉ ማንሳት ቀረና በሁለቱም ግድግዳ ላይ ሁለት ሁለት ሰፋፊ ክፍት ብቻ እንዲወጣ ተደረገ፤ እያንዳንዱ 3 ሜትር በ2.20። በመሃላቸውና በዳርና ዳር የቀረው ግድግዳ ምሰሶ ሆኖ ጣሪያውን ይዟል። ስድስቱ መስኮት አራት ሆኑ። ከ94 ሜትር ወደ 71 ገደማ ወረድን። ከሜትሩ ይልቅ የጠቀመን ግን ያ ወፍራም ተሸካሚ መቅረቱ ነው። ክፍተቶቹን ዙሪያቸውን በአርኤችኤስ ማጠናከር በቃ። አዳራሹ አንድ ወጥ አለመሆኑ አሠልጣኞቹን ትንሽ ከፍቷቸዋል። አሁን በአንዱ በኩል ይቆርጣሉ፣ በሌላው ይሰፋሉ። ለምደውታል።

ጣሪያው ላይም አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሁለት ኮንቴይነር ሲገጥም መሃላቸው ላይ ስንጥቅ ይኖራል፤ ክረምት ደግሞ ስንጥቅ አይምርም። ከላይ ሌላ የቆርቆሮ ጣሪያ ተሠራ፤ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍት ተተወለት። ስንጥቁንም ሸፈነ፣ ፀሐዩንም ያዘ። ሠራተኞቹ በምስማር ሊመቱት ሲሉ ሻምበል ጮኹ። የአዳማን ንፋስ የናዝሬት ሰው ያውቀዋል። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ፣ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ይሄንኑ ንፋስ ተማምነው ነው። ቆርቆሮው በብሎን ታሰረ፤ ብሎኑ ሌላ መስመር ሆነ።

የመቁረጫ ጠረጴዛውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ጥግ ላይ በስፋት እንዲገጥም 2.40 ሜትር አዘዝኩ፤ ኮንቴይነሩ 2.44 ነዋ! እሱ ግን የውጪው ነው። ውስጡ 2.35 ነው፤ ፎምና ጂፕሰም ቦርድ ሲለብስ 2.20 አካባቢ ቀረ። አናጺው ጫፉን በመጋዝ ሲቆርጠው በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞሬ ነበር የምሄደው።

ክፍሉ ጥር ላይ ሥራ ጀመረ። አዲሱ ሠንጠረዤ ላይ ሰባተኛዋ መስመር ዘጠኝ መስመር ወልዳለች። አንዷ «ቀዳዳ፣ በሜትር» ትላለች። ሒሳብ ክፍል ያሉት እስከዛሬ ይስቁባታል።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ቢሮዬ መጣች። አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ ተገዝቷል። «አንዲት ትንሽዬ ቀዳዳ ብቻ ናት የምትፈልገው፤ ይቺማ ምን አላት» አለችኝ። እኔ በዓይኔ የመጣው ሌላ ነው። ጂፕሰሙ ይነሳል። ፎሙ ይነሳል፤ የብየዳ ፍንጣሪ ከነካው ይነዳል። ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይለብሳል፣ ይቀባል። መጀመሪያውኑ ቢቆረጥ ኖሮ ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

ከመሳቢያዬ ሜትር አወጣሁ። ሄጄ ለካሁት፤ 40 በ40። እዚያው ቆሜ ሻምበል ጋ ደወልኩ።

«1 ሜትር ከ60 ነው። ጂፕሰሙንና ፎሙን እኛ እናነሳለን» አልኳቸው፣ ገና ደህና ዋሉ ሳልላቸው።

በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ይሰማኛል።