ወታደር ነህ?

በ2024 ሐምሌ አዲስ ሥራ አግኝቼ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጓዜን ጠቅልዬ ዳላስ አጠገብ ወዳለችው ጋርላንድ ገባሁ። 1,300 ማይል ገደማ ነው። ከመነሳቴ በፊት በታክስ ነገር ሰፈሩ ሁሉ የሚያማክራቸው ጋሼ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ደረሰኝ እንዳትጥል! ለሥራ ብለህ ከ50 ማይል በላይ ከራቅህ መንግሥት ወጪህን ታክስ ከሚከፈልበት ገቢህ ላይ ቀንሶ ያስብልሃል። እኔ በ2009 ከሚኒሶታ ስመጣ የጭነቱን ሁሉ አሳስቤያለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ማውጣት አልከበደኝም። ለኢንተርቪው ብዬ የገዛሁት ሙሉ ልብስ ደረሰኝ ከኪሴ ወጥቶ ተቀመጠ። ናሽቪል የአክስቴ ልጅ እያለች ሆቴል አደርኩ፤ ምን አስቸገራት፣ ታክስ ላይ ይያዛል። ቴኔሲ ደግሞ ቢነዱት ቢነዱት አያልቅም፤ በየማደያው ዶሮ ጥብስ በላሁ። ለእንጀራ ምጣዴ ብርድ ልብስ ገዝቼ ጠቀለልኩና ጋቢና አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩለት። የብርድ ልብሱም ደረሰኝ አለ።

ሁሉንም እናቴ በርበሬ የላከችበት ላስቲክ ውስጥ አጠራቀምኩ።

የካቲት ላይ ከእንጀራ መሸጫው ጎን ወዳለችው ታክስ ሠሪ ሄጄ ላስቲኩን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። ሦስት ጊዜ አስነጠሳት። ግማሾቹ ደረሰኞች ጽሑፋቸው ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። እንባዋን ጠርጋ አየችኝና፣

«ወታደር ነህ?» አለችኝ።

«አባቴ ሻምበል ነበር» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«የአሜሪካ?»

«የደርግ።»

ስቃ ስታበቃ አስረዳችኝ። ከ2018 ጀምሮ የቤት መቀየሪያ ወጪ የሚያዘው በትእዛዝ ለሚዛወር የአሜሪካ ወታደር ብቻ ነው። (ለሌላው ሰው እገዳው እስከ 2025 ነው ስትለኝ ላስቲኩን ላቆየው ብዬ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው ሕግ ለዘለቄታው ዘጋው፤ ከ2026 ጀምሮ ከወታደሩ ሌላ የከፈተው ለስለላ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ ነው።)

«የሥራ ፍለጋውስ?»

«አብሮ ሄዷል።»

«ሙሉ ልብሱ?»

«እሱ ድሮም አልነበረበት።»

«የቴኔሲው ዶሮ?»

ዝም አለችኝ።

«ካሊፎርኒያ ገብተህ ቢሆን ስቴቱ ያስብልህ ነበር» አለች ልታጽናናኝ። «ቴክሳስ ግን ጭራሽ የስቴት የገቢ ግብር የለውም፣ ከምኑ ላይ ልቀንስልህ?»

ባዶ እጄን ላለመመለስ የመጨረሻዋን ካርዴን መዘዝኩ፤ መሥሪያ ቤቱ ለጉዞዬ 2,000 ዶላር ሰጥቶኛል፣ እሱ እንኳ ከታክስ ነፃ ነው አይደል? ደብልዩ ቱዬን፣ የዓመቱን የደሞዝ መግለጫ ወረቀቴን፣ አዙራ በእስክሪብቶ ጠቆመችኝ። ከደሞዜ ጋር ተደምሮ ቁጭ ብሏል፤ ታክስ ይከፈልበታል። ቀናሽ ፍለጋ ሄጄ ደማሪ አገኘሁ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። «እኔ የ2009ኙን ነው የነገርኩህ» ብለው ስለ ምጣዱ ደህንነት ጠየቁኝ። ምጣዱ ደህና ነው።

የሠራችበትን ስከፍላት፣ «ደረሰኝ ልስጥህ?» አለች።

«ይያዛል?»

«እሱም ከ2018 ወዲህ አይያዝም።»

ልማድ ሆኖብኝ ተቀበልኳትና በርበሬው ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት።